ከሻሹ ስር

መጀመሪያ ያየሁት በፎቶ ነው። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ጎንበስ ብዬ የሙሽራዋን ቬሎ ሳስተካክል ከኋላዬ የቆመ ሰው አንስቶኛል፣ የአዳራሹ መብራት ደግሞ ልክ አናቴ ላይ ነው ያረፈው፣ እና ጸጉሬን ለሁለት የከፈልኩበት መስመር፣ መስመር መሆኑ ቀርቶ አስፋልት ሆኗል። ሌላ ሰው መስላኝ ቀሚሷን አየሁት፣ የኔው ቀሚስ ነው። ፎቶውን የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለቀቀው ሌላ ሰው ስለሆነ ማጥፋት አልችልም፣ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ሃያ ምናምን ሌላ ፎቶ ተራ በተራ ለቀቅኩበት፣ እንዲቀበርልኝ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ስራዬ መደበቅ ነበር። ጥቁር አይሻዶ በብሩሽ እያነሳሁ ቆዳው ላይ እቀባለሁ (ይሄን የምታደርጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ)፣ ሊፍት ውስጥ ረጅም ሰው ከኋላዬ ከቆመ ዞሬ ግድግዳውን እደገፋለሁ፣ ታክሲ ውስጥ የመጨረሻውን ወንበር ነው የምመርጠው ከኋላዬ የሚቀመጥ እንዳይኖር። ቤተክርስቲያን ብቻ ነበር የማርፈው፣ ነጠላ አለ። አንዴ በቃ ብዬ አጭር ተቆረጥኩ፣ እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ገና ሲያዩኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ምነው ልጄ፣ ማን አረፈብሽ?" እዚህ አገር ሴት ጸጉሯ ድንገት ካጠረ ወይ ሀዘን ነው ወይ በሽታ ነው፣ ሦስተኛ ምክንያት የለም። "ኧረ ማንም" ስላቸው አላመኑኝም፣ ጭራሽ "እግዜር ያጽናሽ" ብለው ለውዙን በነጻ ሰጡኝ።

ስለ ጸጉሬ ለሦስት ሰው ነው የተናገርኩት፣ የታዘዘልኝ መድሃኒት ግን ከሠላሳ አያንስም። ጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የጉሎ ዘይት፣ የተልባ ውሃ፣ የሩዝ ውሃ፣ ሬት። ቀይ ሽንኩርት ጨምቄ ስድስት ሳምንት ተቀብቻለሁ፣ ጸጉሬ ያው ነው ግን ክረምት ስለነበር ዝናብ በነካኝ ቁጥር ጭንቅላቴ ቁሌት ቁሌት ይሸታል፣ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ልጅ በዛ ብርድ መስኮት የከፈተ ቀን ተውኩት። እማዬ ደግሞ ነገሩን በሁለት ቃል ነው የዘጋችው፣ "ዓይን ነው።" ልጅ እያለሽ እኮ ጸጉርሽ እዚህ ድረስ ነበር ትላለች እጇን ወገቧ ላይ እያደረገች፣ ወገቤ ጋ ደርሶ አያውቅም፣ እሷ ባወራችው ቁጥር ነው የሚረዝመው።

ወደ ጸጉር ንቅለ ተከላው፣ ትራንስፕላንት ወደሚሉት፣ የገባሁት ግን በስልኬ ነው። አንዴ "የሴት ጸጉር መሳሳት" ብዬ ሰርች ካደረግኩ በኋላ ፌስቡኩም ቲክቶኩም ሌላ ወሬ የለውም፣ ሙሉ ቀን የኢስታንቡል ጸጉር ተከላ ማስታወቂያ ነው። አንድ ክሊኒክ ጋ፣ ስሙ ይቅር፣ ጻፍኩላቸው፣ ከፊት ከላይ ከኋላ ሦስት ፎቶ በዋትሳፕ ላኪ አሉኝ፣ ላክኩ፣ ቡናዬ ሳይፈላ መልስ መጣ። 3000 ግራፍት (ከማጅራት ተነቅሎ የሚተከል የጸጉር ስር ማለት ነው)፣ ሆቴል፣ ከኤርፖርት የሚቀበል መኪና፣ ሻምፑ በነጻ፣ በዚህ ሳምንት ከተመዘገብሽ ቅናሽ አለው። ዕድሜዬን አልጠየቁኝም። መቼ እንደጀመረኝ፣ ልጅ መውለዴን፣ የምወስደው መድሃኒት ካለ፣ ምንም። በፊትና አሁን ብለው የላኩልኝ ፎቶ በሙሉ የጎልማሳ ወንድ ነው፣ ሴት መሆኔ ራሱ የታያቸው አይመስለኝም። እኔ ግን፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ቁርጥ ያለ ነገር ነግሮኝ አያውቅም፣ እነዚህ ቁጥር ሰጡኝ። እቁብ ወጥቶልኝ ነበር፣ ብሩን ለዚሁ መደብኩት።

ቆዳ ሐኪም ጋ የሄድኩት የቢሮ ጓደኛዬ "ብሩ ከመውጣቱ በፊት አንዴ ታዪው" ብላ ስለነዘነዘችኝ ብቻ ነው። ዶክተሯ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። መብራት ያለው አጉልቶ የሚያሳይ ትንሽ መሳሪያ አናቴ ላይ ደግነው ጸጉሬን እየከፈሉ እየከፈሉ ዝም ብለው ቆዩ፣ እኔ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ነው የማየው። ከዛ ጥያቄ ጀመሩ። በብዛት ይረግፋል ወይስ እየቀጠነ ነው የሄደው? ያሳክክሻል? ያቃጥልሻል? የወር አበባሽ ይዛነፋል? በቅርብ ታመሽ ነበር? ከወለድሽ ስንት ጊዜሽ ነው? እናትሽስ፣ የእናትሽ ጸጉር እንዴት ነው?

የመጨረሻዋ ላይ ቆምኩ። እማዬ ሻሽ ታስራለች። ቤት ውስጥም ታስራለች፣ ተኝታም ታስራለች። 37 ዓመቴ ነው፣ የእናቴን ራስ ባዶውን አይቼው አላውቅም። "እንጃ" አልኳቸው። ጻፉት፣ እንጃን እንዴት አድርገው እንደጻፉት አላውቅም።

ለካ እኛ "ጸጉሬ አለቀ" ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር አንድ ነገር አይደለም፣ ሁሉም በየራሱ ምክንያት የሚመጣ፣ አንዱን ያዳነው ሌላውን የማያድን ነው። መርገፍ አለ፣ ልጄን በወለድኩ በሦስት ወሬ የሻወሩ ውሃ መውረጃ እስኪደፈን ድረስ እንደረገፈው። እሱን አራስ የነበረች ሁሉ ታውቀዋለች፣ ከባድ ትኩሳትም፣ ታይፎይድም፣ ኦፕራሲዮንም፣ በአንዴ መክሳትም ያመጣዋል። ስሩ አይሞትም፣ ብዙው ጸጉር አንድ ላይ እረፍት ይወጣና ከ2 ወይ 3 ወር በኋላ አብሮ ይወድቃል፣ ከዛ በ6 ወርም በዓመትም ተመልሶ ይመጣል። (ጤነኛ ሰው ራሱ በቀን ከ50 እስከ 100 ጸጉር ይጥላል፣ ማበጠሪያ ላይ እያያችሁ አታልቅሱ።) አረብ አገር ሰርተው የመጡ ልጆች "ውሃው ጨረሰው" ሲሉ እሰማለሁ፣ እኔ ግን ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኝታ አስራ አንድ ሰዓት የምትነሳ፣ የተራረፈ የምትበላ፣ ቤቷን እያሰበች የምታለቅስ ልጅ ጸጉሯ ሲረግፍ ጥፋቱን ሁሉ ለቧንቧ መስጠት ይከብደኛል።

የኔ መሃል መስመር ደግሞ መርገፍ ሳይሆን መቅጠን ነው። የወንዱ ከፊት እየሸሸ አናቱ ይገለጣል፣ የሴቷ ግንባሩ ባለበት ሆኖ መሃሉ እየሰፋ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ጸጉር በየዙሩ ከበፊቱ ቀጥኖ ነው የሚወጣው። ሉድቪግ የሚባል ጀርመን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1977 በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፣ እኔ ከአንድ ወደ ሁለት እየተሻገርኩ ነበር። አናት ላይ ጀምሮ እንደ ክብ እየሰፋ ስሩን ጠባሳ የሚያደርግ ሌላ ክፉ ዓይነትም አለ፣ ጥቁር ሴቶች ላይ ነው የሚበዛው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ፓዲ3 ከሚባል ጂን ጋር አገናኝቶታል። እሱ አለመሆኑን ለማረጋገጥ 4 ሚሊ ሜትር የምታክል ቆዳ ቆርጠው ለላብራቶሪ ላኩ። አንድ ስፌት። ያን ሳምንት ማን እንደነበርኩ አትጠይቁኝ። አልሆነም፣ ተመስገን።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የግንባሬ ጥግ ነው። ዶክተሯ ጣታቸውን ከጆሮዬ ከፍ አድርገው አሳረፉና "ይሄ የሹሩባ ነው" አሉ፣ ልክ የሰው ስም እንደሚጠሩ። ባዶው ቦታ ፊት ለፊት ላይ ቀጫጭን አጫጭር ጸጉሮች በመስመር ቀርተዋል፣ እኛ ቤቢ ሄር እያልን በጄል የምናስተኛቸው። እነሱ አጭር ስለሆኑ ሹሩባው ውስጥ ሳይያዙ አምልጠው የቀሩ ናቸው፣ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ተጎትቶ አልቋል፣ ሐኪም ራሱ የመጎተት መሆኑን ከሚለይበት ምልክት አንዱ ይሄ ነው አሉኝ። ያን ያህል ዓመት ሳቆላምጣቸው የነበሩት ለካ ከእልቂት የተረፉ ናቸው።

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር ሹሩባ የምሰራው። እማዬ ሶፋ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ ጉልበቶቿ መሃል፣ ሚዶው አንገቴ ስር፣ ቅቤው ስኒ ውስጥ። አንገቴን ካንቀሳቀስኩ ሚዶው ትከሻዬ ላይ ያርፋል። ስትጨርስ ቅንድቤ ወደ ላይ ተስቦ ዓይኔ የሌላ ሰው ዓይን ይሆናል፣ ማታ በየትኛውም ጎን መተኛት አልችልም፣ በነጋታው ግንባሬ ዳር ዳሩን ነጫጭ ብጉር የመሳሰሉ ትናንሽ ነገሮች ይወጣሉ። ጎረቤት አይታኝ "እንዴት ታምራለች፣ እጅሽ ይባረክ" ትላለች። ያ ብጉር የጸጉሩ ስር ሲቆጣ ነው፣ ያኔ ቢላላ ይድን ነበር፣ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ስሩ ጠባሳ ይሆንና ቀዳዳው ይዘጋል። እኔ ደግሞ ከዛ በኋላ አላረፍኩም፣ ሃይስኩል ሪላክሰርና ፔስትራ፣ ዩኒቨርሲቲ ሂውማን ሄር፣ ለሰርጌ ወገቤን የሚያልፍ ቅጥል ሹሩባ። በሪላክሰር የለሰለሰን ጸጉር ላዩ ላይ አጥብቆ መስራት ከሁሉ የከፋው ነው ብለውኛል፣ እኔ ሁለቱንም በአንድ ወር ያደረግኩበት ጊዜ አለ።

እና ትራንስፕላንቱስ? ብዬ ፎቶዎቹንና 3000ውን ግራፍት አሳየኋቸው። ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ።

የነገሩኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። ንቅለ ተከላ አዲስ ጸጉር አይፈጥርም፣ ከማጅራት ነቅሎ ግንባር ላይ ይተክላል፣ በቃ። ይሄ የሚሰራው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኖርማን ኦረንትራይክ የሚባል የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም ባስተዋለው ነገር ነው፣ ጸጉር የትም ብትወስደው የመጣበትን አገር ጸባይ ይዞ ይሄዳል፣ የማይረግፍ ማጅራት ላይ የነበረ አናት ላይም አይረግፍም። ወንዶች ላይ ማጅራቱ ጠንካራ ነው። ብዙ ሴቶች ላይ ግን መሳሳቱ ዙሪያውን ስለሆነ ማጅራቱም አብሮ እየሳሳ ሊሆን ይችላል፣ ከሚፈርስ ቤት ድንጋይ አውጥቶ ሌላ የሚፈርስ ቤት እንደመጠገን ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ቀጭን ሆኖም ቢሆን የቆመው ጸጉር መሃል ሲበሳሳ ደንግጦ ሊረግፍ ይችላል። የኛ ጸጉር ሌላም ነገር አለው፣ ከቆዳ በላይ ብቻ አይደለም የሚጠቀለለው፣ ከቆዳው ስርም ስሩ ጎባጣ ነው፣ በየአንዳንዱ እየፈለፈሉ በሚያወጡበት ዘዴ መሳሪያው ቀጥ ብሎ ሲገባ ስሩን ሊቆርጠው ይችላል፣ እጁ የለመደ ሰው ይፈልጋል። ጠባሳው አብጦ የሚያድግ ቆዳ ላለው ሰውም አደጋ አለው። "መሃሉ ቢያንስ አንድ ዓመት በመድሃኒት ይርጋ" አሉኝ፣ "ጥጉን ከፈለግሽ ያኔ እናወራለን፣ መጎተት ካቆምሽ።" ክሊኒኩ በዋትሳፕ ሊሞላልኝ የነበረው መሃሉን ነው።

ሰው ቱርክ አትሂዱ አለች እንዳይለኝ፣ ጓደኛዬ ሄዳለች፣ ደግሞ አምሮባታል። የሷ ግን ንጹህ የሹሩባ ነው፣ ማጅራቷ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከመሄዷ በፊት ስምንት ዓመት ሹሩባ ያልነካት፣ ቦታው ካለበት ያልተንቀሳቀሰ። ከኋላ የላይኛውን ጸጉር አንስተው ከስሩ አንድ መስመር ብቻ ነው የላጩላት፣ ሲለቁት ይሸፍነዋል። ከሁሉ የከፋው የማደንዘዣው መርፌ ነው ትላለች፣ የቀረውን ሰባት ሰዓት ሙሉ ፊልም ስታይ ነው ያሳለፈችው። ቦሌ ልቀበላት ስሄድ ግንባሯ አብጦ ዓይኗ ላይ ወርዷል፣ ቦክስ የተመታች ነው የምትመስለው፣ ሻሽ አስራ ትስቃለች። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ደወለች፣ ታለቅሳለች፣ የተተከለው በሙሉ ትራሷ ላይ ነው። ይሄ ይጠበቃል፣ ጸጉሩ ይወድቅና ስሩ ይቀራል፣ አራተኛው ወር ላይ እንደገና ይጀምራል፣ ሙሉ ውጤቱ ዓመት ይፈጃል፣ ተነግሯትም ነበር፣ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርሽን ትራስሽ ላይ ስታዪው የተነገረሽ ነገር አይታወስሽም። አምስተኛው ወር ላይ ቪዲዮ ላከችልኝ፣ ፊቷ የለም፣ ግንባሯ ጥግ ላይ አንዲት ጥቅልል ብላ የወጣች ጸጉር ብቻ፣ ሃያ ሰከንድ።

እኔ የተሰጠኝ ደም ምርመራ ነው፣ የብረት ክምችቴ ወለል ላይ ስለነበር የብረት ኪኒን፣ ታይሮይዴ ደህና፣ እና ሚኖክሲዲል የሚባል አናት ላይ የሚቀባ መድሃኒት። ፋርማሲው የሰጠኝ ካርቶን ላይ አንድ ወንድ በኩራት ቆሟል። ለሴት 2 ፐርሰንቱ በቀን ሁለቴ ወይ 5 ፐርሰንቱ አረፋ በቀን አንዴ ነው፣ ጸጉር ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ፣ እርጉዝም የምታጠባም አትነካውም፣ ድመት ያላችሁ ደግሞ ጠርሙሱንም የተቀባ እጃችሁንም አርቁ፣ ለድመት መርዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ይብስበታል፣ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ነው፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ነው ደንግጦ የሚያቆመው። 4 ወርም 6 ወርም ሳይሞላ አይፈረድበትም፣ ካቆምሽ ደግሞ ያበቀለው በወራት ውስጥ ተመልሶ ይረግፋል፣ ማለት እድሜ ልክ ነው፣ ይሄን እንደ ጋብቻ አስቤው ነው የገባሁበት። ደሜን ቀድተው በማሽን አሽከርክረው መልሰው አናቴ ላይ የሚወጉትንም አንዴ ሞክሬዋለሁ፣ ያማል፣ በየወሩ መደጋገም አለበት፣ ኪሴ ስለማይችል ተውኩት።

ስምንተኛ ወሬ ላይ ነኝ። አስፋልቱ ኮብልስቶን ሆኗል፣ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ግን አይሻዶውን ጥያለሁ። ጥጉ ባለበት ነው።

ባለፈው እሁድ እማዬ ጋ ሄጄ መታጠቢያ ቤት ስቀባ አየችኝ፣ ምንድነው ይሄ ውሃ አለች። ነገርኳት፣ መጀመሪያ እኮ የደም ግፊት ኪኒን ነበር፣ ሰዎቹ ለግፊታቸው ሲውጡት ግንባራቸው ላይ ክንዳቸው ላይ ጸጉር በቀለ፣ ከዛ ነው ወደሚቀባ የለወጡት፣ አሜሪካ ለወንድ እ.ኤ.አ. በ1988 ለሴት በ1991 ፈቀደች ምናምን። እማዬ የግፊት በሽተኛ ናት። "የግፊት ኪኒን? እኔ አስራ ምናምን ዓመት ስውጥ ታዲያ!" ብላ ከልቧ ሳቀች፣ እየሳቀች ሻሹን ፈታችው።

ከጆሮዋ በላይ እስከ አናቷ ግማሽ የለም። ቆዳው ለስልሶ ያበራል፣ እንደ መዳፍ ውስጥ።

"እኔማ ከሙሽርነቴ ጀምሮ ነው" አለች። "ለሰርጌ አልባሶ ሲሰሩኝ ሦስት ቀን አላስተኛኝም።"

"እና እያወቅሽ እኔን እንደዛ አጥብቀሽ የምትሰሪኝ?"

"ካልጠበቀ ይፈታላ።"

ምን ትላላችሁ። ዝም ብለን ቆየን። ከዛ "ቀቢኝ እስቲ" አለችኝ ወደ ጠርሙሱ እያየች፣ እንደ ልጅ። ቆዳው እንደዛ ከለሰለሰ ስሩ የለም፣ መድሃኒቱ የሚቀሰቅሰው የተኛ ነገር የለም፣ አንቺ ደግሞ የግፊት መድሃኒት ላይ ነሽ ዶክተር ሳይጠየቅ አይሆንም አልኳት። "አንድ ጠብታ ምን ይለዋል" አለች።

ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ጓዳ ገብቼ ለጋ ቅቤ በስኒ አመጣሁና ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷ ዱካዋን ስባ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሚዶውን አነሳሁ። ገና ሳልነካት "ቀስ" አለችኝ።